በሣጥን ተጉዞ ዱር የገባው ዓሣ

ዲንሾ ላይ የጠዋት ብርድ ቀልድ አያውቅም። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል 400 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው፣ በማግስቱ ማለዳ ከመኝታው ሲወጣ ሣሩ ላይ ነጭ ውርጭ ተነጥፎ ይጠብቀዋል። እኔንም የጠበቀኝ ይኸው ነበር። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በዚያ ቦታ፣ ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ በላዩ ጋቢ ጥዬ፣ አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን በብብቴ ሸጉጬ፣ ዳንካ የሚባለውን ትንሽ ወንዝ ፍለጋ ከመንገድ መሪዬ ኋላ ኋላ እየተንቀጠቀጥኩ እሄድ ነበር።

ሣጥኗ የእኔ አይደለችም። የሰፈራችን ሰው የሆኑ አንድ ጡረተኛ መምህር ናቸው ያዋሱኝ። ጋሼ በወጣትነታቸው ለትምህርት ስኮትላንድ ተልከው ነበርና «ሌላው ዲግሪ ይዞ ሲመጣ እኔ ዲግሪና ይህችን ይዤ መጣሁ» እያሉ ይቀልዳሉ። ስትከፈት 20 የሚሆኑ ዝንቦች በረድፍ ተሰክተው ይታያሉ። ሞተው የደረቁ አይደሉም፤ መጀመሪያውንም ነፍስ አልነበራቸውም። ከአውራ ዶሮ አንገት ላባ፣ ከሱፍ ክርና ከጥንቸል ጠጉር፣ ከስንዴ ፍሬ በማይበልጡ መንጠቆዎች ላይ የታሰሩ የሰው እጅ ሥራዎች ናቸው። ባሌ ልሄድ መሆኔን ሲሰሙ ሣጥኗን ከመሳቢያቸው አውጥተው ሰጡኝና «እዚያ ትራውት አለ። ማንም ያልቀለበው፣ ማንም ያላረባው የዱር ዓሣ ነው። አንዱን ያዝና ሰላም በልልኝ» አሉኝ።

የዱር ዓሣ። ይህች ቃል ከአዲስ አበባ እስከ ዲንሾ አብራኝ ተጓዘች። እኛ የከተማ ሰዎች ዓሣ የምናውቀው በሳህን ላይ ነው። ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ ብለን ስም የምንለየውም ምግብ ቤት ገብተን ነው። ትራውት ግን ለብዙዎቻችን እንግዳ ስም ነው። እንግዳነቱም ያለ ምክንያት አይደለም። በባሌ ተራራ ወንዞች ውስጥ የሚዋኘው ትራውት ከኬንያ መጥቶ በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ውኃ ላይ የተለቀቀ ነው። ታዲያ በሰው እጅ መጥቶ የተለቀቀ ዓሣ እንዴት የዱር ይባላል? ይህን ጥያቄ ይዤ መጻሕፍት ሳገላብጥ፣ ነገሩ ከዳንካ ተነስቶ ግማሽ ዓለምን የሚያዞር ሆኖ አገኘሁት።

አስቀድሞ ስለ አጠማመዱ። በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ማጥመድ የትናንት ጨዋታ አይደለም። በሁለተኛውና በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መካከል የኖረው ሮማዊው ኤሊያን፣ በግሪክ ቋንቋ ስለ እንስሳት ጠባይ በጻፈው መጽሐፉ የመቄዶንያ ሰዎችን ዘዴ መዝግቧል። አስትራዮስ በተባለ ወንዝ ገላው በነጠብጣብ ያጌጠ ዓሣ አለ፤ ውኃ ላይ የምትንሳፈፍ አንዲት ዝንብ ይወዳል። ዝንቧን ይዞ መንጠቆ ላይ መሰካት ግን አይቻልም። የሰው እጅ ሲነካት ቀለሟ ይጠፋል፤ ክንፏም ይረግፋል። መቄዶንያውያኑ ምን አደረጉ? በመንጠቆው ላይ ቀይ ሱፍ ጠመጠሙ፤ ከአውራ ዶሮ ጉሮሮ ሥር የሚበቅሉ ሁለት ላባዎችንም አሰሩበት። ዓሣው በቀለሟ ተታሎ ጎረሰ። ሱፍ፣ ላባ፣ መንጠቆ፤ ከጋሼ ሣጥን ውስጥ ካለው የተለየ ነገር የለም። እንዲያውም በረድፉ ጫፍ ላይ አንዲት ቀይ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ ሰዎች ነገሩን መጻሕፍት የሚጻፉለት ጥበብ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1496 በለንደን አጠገብ በዌስትሚንስተር የታተመ አንድ ድርሰት የ12 ዝንቦችን አሠራር ይዘረዝራል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ ነገሩ ወደ ሃይማኖት ክርክር ተጠጋ። ፍሬደሪክ ሃልፎርድ የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመው መጽሐፍ ዝንብ ውኃ ላይ ተንሳፍፋ መታየት አለባት የሚለውን ወገን መሪ ሆነ። ጂ. ኢ. ኤም. ስኪውስ የተባለው የሕግ ሰው በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1910 ተነስቶ፣ ዓሣው ከውኃው በታች የሚበላ ከሆነ ዝንቧም ከውኃው በታች ብትሰጥም ነውር የለውም አለ። በዚህ ነገር ሁለቱ ወገኖች ለዓመታት ተነቋቆሩ። ዓሣው ምን እንዳሰበ የጠየቀው ያለ አይመስለኝም።

እኔን ይበልጥ የማረከኝ ግን የትልልቆቹ ወንዞች ክርክር አይደለም፤ የትንንሾቹ ጅረቶች ብልሃት ነው። ደብልዩ. ሲ. ስቱዋርት የተባለ ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1857 ባወጣው መጽሐፍ፣ በጠራና በጠበበ ውኃ ውስጥ ዓሣ የሚፈልግ ሰው ከታች ወደ ላይ፣ ፊቱን ወደ ምንጩ አዙሮ ይሂድ ሲል አጥብቆ መከረ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ትራውት አፍንጫውን ወደ ወራጁ ውኃ አቅንቶ ይቆማል፤ ምግቡን የሚያመጣለት ወራጁ ነውና። ከኋላው የሚመጣውን ብዙም አያይም። ስለዚህ ሌባ ይመስል ከጀርባው መቅረብ፣ ጥላን ከውኃው ማራቅ፣ አስፈላጊም ሲሆን መንበርከክ ነው። አማርኛችን «ማጥመድ» ሲል ከወጥመድ ጋር አዛምዶ መጥራቱ ልክ ነው ያልኩት፣ ዳንካ ዳር በጉልበቴ እየዳህኩ ሳለሁ ነው። ወንዙ አንዳንድ ቦታ ላይ አንድ ጎረምሳ ሮጥ ብሎ የሚዘለው ነው። ክሩን ወደ ኋላ ስወረውር የአስታ ቁጥቋጦ ይይዘዋል፤ ወደ ፊት ስወረውር ድንጋይ ይይዘዋል። መንገድ መሪዬ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሣሩ ላይ ተጋድሞ ባርኔጣውን ዐይኑ ላይ አደረገ።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ትራውት ከአገሩ እንዴት ወጣ? ዓሣ ከውኃ ውጭ አይጓዝም፤ በበርሜል ቢጓዝም ሙቀት ይገድለዋል። ቡናማው ትራውት የአውሮፓ ልጅ ነው፤ ቀዝቃዛ፣ የጠራና አየር ያልጠፋበት ውኃ ይሻል። ውኃው ከ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አልፎ ወደ 25 ሲጠጋ ነፍሱ ትጨነቃለች። በአውሮፓና በደቡቡ ዓለም መካከል ደግሞ የምድር ወገብ ሐሩር አለ። በዚያ ላይ የስዊዝ ቦይ ገና አልተከፈተም፤ መርከብ በሸራ አፍሪካን ዞሮ ሦስት ወር ይጓዛል።

ቁልፉ የተገኘው በእንቁላሉ ውስጥ ነው። የትራውት እንቁላል በ10 ዲግሪ ውኃ ውስጥ በ40 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ውኃው ወደ 2 ዲግሪ ሲወርድ ግን ሳይሞት፣ ሳይፈለፈል፣ አምስት ወር ያህል ይቆያል። እንግዲህ ቅዝቃዜ ካለ ጊዜን ማስረዘም ይቻላል ማለት ነው። ጄምስ ዩል የተባለ ሰው ይህን ይዞ በለንደን አንድ የበረዶ መጋዘን ውስጥ ሞከረ። እንቁላሎቹን በእርጥብ የድንጋይ ሽበት መካከል አስተኝቶ፣ በተበሳሱ የእንጨት ሣጥኖች አሽጎ፣ ከበረዶ ሥር ቀበራቸው። ወራት አልፈው ሲያወጣቸው ሕያዋን ነበሩ።

ከዚያ በፊት እንቁላል ወደ አውስትራሊያ ምድር ለማድረስ የተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ከሽፈዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 1864 ኖርፎክ የተባለችው መርከብ ከእንግሊዝ ስትነሳ በሆዷ ብዙ ቶን በረዶ፣ በበረዶውም ሥር ከ100,000 የማያንስ የሳልሞን እንቁላል ተሸክማ ነበር። የተፈለገው ሳልሞኑ ነው። በመጨረሻው ሰዓት ሁለት የዓሣ ወዳጆች 3,000 ያህል የትራውት እንቁላል ጨመሩበት፤ ምራቂ መሆኑ ነው። መርከቧ በሚያዝያ ወር ሜልቦርን ደረሰች። ሣጥኖቹ ወደ ታዝማኒያ ደሴት ተሻግረው ፕሌንቲ በሚባል ወንዝ ዳር በተዘጋጀላቸው ቦታ ተራገፉ፤ በግንቦት መጀመሪያ የመጀመሪያው ትራውት ተፈለፈለ። ሳልሞኑም ተፈልፍሎ፣ አድጎ፣ እንደ ጠባዩ ወደ ባሕር ወረደ፤ በዚያው ቀረ። ምራቂው ግን ቤተኛ ሆነ። ከሞት የተረፉት 300 ያህል ትራውቶች ተዋለዱ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም እንቁላላቸው ወደ ኒውዚላንድ ተላከ። ዛሬ ሰዎች ከዓለም ዳርቻ ገንዘባቸውን አፍስሰው «ያልተነካ ተፈጥሮ» ፍለጋ የሚሄዱባቸው የኒውዚላንድ ወንዞች ትራውታቸውን ያገኙት በዚህ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ትራውት ታዝማኒያ የገባው በዚያ ዘመን ከሆነ፣ ከዚያው አካባቢ ደግሞ ወደ እኛ የወጣ አንድ ዘመድ አለ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ነጭ ባሕር ዛፍ የታዝማኒያና የደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ዛፍ ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጥቶ ከተማዋን ከማገዶ ረሃብ ያዳነ እንግዳ። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን እየተናገረ፣ እኛ ግን እንጦጦን ያለ ባሕር ዛፍ ማሰብ አቅቶናል። ውኃ ይመጥጣል እያልን እናማዋለን፣ ቤታችንን እንሠራበታለን፣ ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን እንታጠናለን። ለባዕድነት የጊዜ ገደብ ቢኖረው ባሕር ዛፍ ከብዙዎቻችን የከተማ ሰዎች ይልቅ አዲስ አበቤ ነው።

ከቡናማው ትራውት ሌላ አንድ ወንድም አለ፤ በጎኑ ላይ ሮዝ መቀነት የታጠቀው፣ ፈረንጆቹ የቀስተ ደመና ስም የሰጡት። እርሱ የሰላማዊው ውቅያኖስ ዳርቻ ተወላጅ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ሰው የነበረው ሊቪንግስተን ስቶን በካሊፎርኒያ ማክላውድ ወንዝ ላይ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ያቋቋማቸው የዓሣ እንቁላል መሰብሰቢያዎች ዘሩን ለዓለም በተኑ። ቦታው የዊንቱ ሕዝብ ምድር ነበር። ዓሣው ዓለምን ሲያዳርስ ባለ ምድሮቹ ምድራቸውን አጡ።

አፍሪካ ውስጥ በር ከፋቿ ደቡብ አፍሪካ ናት። በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትራውት በናታልና በኬፕ ወንዞች ተለቀቀ። ወደ ኬንያ የገባበት ታሪክ ደግሞ ከአንድ ሰው ስም ጋር ተያይዟል። ኢዋርት ግሮጋን ከኬፕ እስከ ካይሮ አፍሪካን በእግሩ አቋርጫለሁ ብሎ ስሙን የተከለ እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ከስኮትላንዱ ሎክ ሌቨን ሐይቅ የትራውት እንቁላል አስመጥቶ በአበርዴር ተራሮች በጉራ ወንዝ ላይ አስለቀቀ። ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ ያለውን ጫካና ገደል እንቁላሎቹ የተሻገሩት በሰው ሸክም ነው። የግሮጋን ስም በየመጽሐፉ አለ። ከራሳቸው በላይ በረዶ ተሸክመው፣ እየቀለጠ የሚወርደው ውኃ አንገታቸውን እያራሰ ተራራ ስለ ወጡት ኬንያውያን ግን ባነበብኩት ሁሉ አንድም ስም አላገኘሁም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ባለ መቀነቱ ትራውት ከደቡብ አፍሪካ ተከተለ። በአበርዴርና በኬንያ ተራራ ጅረቶች ዓሣ ማጥመድ የሰፋሪዎቹ መዝናኛ ሆነ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ፣ ዛሬ ኬንያውያን እጅ የሚታሰሩት ሰው ሠራሽ ዝንቦች በአውሮፓና በአሜሪካ ሱቆች ይሸጣሉ። የዶሮ ላባ የሰው እንጀራ ሆኗል።

ከዚያ ነው ወደ ባሌ የተሻገረው። ዌብ፣ ዳንካ፣ ሻያ፤ እነዚህ ከሳነቴ አምባና ከአካባቢው ከፍታዎች የሚወርዱ ውኆች ቀዝቃዛ ናቸው፣ ድንጋያማ ናቸው፣ የጠሩ ናቸው። ትራውት የሚሻው ሁሉ ተሟልቷል። ሴቷ ዓሣ በጅራቷ የወንዙን ጠጠር ቆፍራ ጉድጓድ ታበጃለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ መልሳ በጠጠር ትሸፍናለች። ንጹሕ ውኃ በጠጠሩ መካከል እያለፈ እንቁላሉን አየር ይመግበዋል። ይህ የሆነላቸው የኬንያ እንግዶች በባሌ ራሳቸው ተዋልደው፣ ልጅ የልጅ ልጅ አፍርተው፣ እነሆ ከ50 ዓመት በላይ ዘልቀዋል። ጋሼ «የዱር ዓሣ» ያሉት ለዚህ ነው። አጥማጆች ዘንድ ዱርነት የትውልድ ነገር እንጂ የዘር ሐረግ አይደለም፤ በወንዙ ተወልዶ ራሱን ያሳደገ ዓሣ የዱር ነው። የአገር ተወላጅ ነው ማለት ግን አይደለም። ሁለቱን ቃላት ማምታታት ነው እኔን መንገድ ላይ ያወዛገበኝ።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን እዚህ ላይ በተውኩት ነበር። ግን ትራውት በባዶ ቤት አይገባም። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1938 በናታል ተራራማ ጅረት ውስጥ የተገኘች አንዲት ትንሽ ዓሣ አለች። ሳይንስ ስም ባወጣላት ወንዝ ውስጥ ጠፋች፤ ከተከሳሾቹም አንዱ ትራውት ነው። ከምድር ገጽ ጠፍታለች ተብሎ ከታዘነ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1970 በሌሶቶ ከፍተኛ ቦታዎች ተገኘች። ከተረፈችባቸው ቦታዎች አንዳንዶቹ ትራውት ሊወጣው ከማይችል ፏፏቴ በላይ ያሉ ውኆች ናቸው። በኒውዚላንድና በታዝማኒያም ነባሮቹ ትንንሽ ዓሦች ተመሳሳይ ዕጣ ደርሷቸዋል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የ100 ክፉ ወራሪ ፍጥረታት ዝርዝር በወጣ ጊዜ ሁለቱም ትራውቶች ስማቸው ሰፍሯል። ያ በሣጥን በስስት የታቀፈ እንቁላል፣ ከወባ ትንኝ ጋር በአንድ መዝገብ ተጻፈ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ዳንካ ዳር ስቆም ልቤ እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ባሌ የዋዛ ቦታ አይደለም። በዓለም ካሉት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚህ ናቸው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በተራራው ጅረቶችም እ.ኤ.አ. በ1991 ለሳይንስ የተገለጠች፣ ከባሌ በቀር በዓለም የትም የሌለች ትንሽ እንቁራሪት አለች፤ ዛሬ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ፍጥረታት አንዷ ናት። እውነቱን ለመናገር ትራውትን በወንጀለኛነት ልከስሰው አስቤ ነበር። ነገር ግን እንቁራሪቷን በሚመለከት አጥኚዎቹ በዋናነት የሚጠቅሱት የመኖሪያዋን መጎዳት ነው። ደኑ ይመነጠራል፤ ከብቱ የጅረቱን ዳር ይረግጠዋል።

ከብቱንስ በዐይኔ አየሁት። መንገድ መሪዬ ተነስቶ ወደ ላይ ስንሄድ፣ ወንዙ በሚሰፋበት ሜዳ ላይ 60 የሚሆኑ ከብቶች ውኃ ሊጠጡ ወርደዋል። ዳሩ በኮቴ ፈርሶ ጭቃው ወደ ውኃው ይናዳል። ቅድም መስታወት የነበረው ጅረት ከዚያ በታች ሻይ በወተት መስሏል። ያ ደለል ጠጠሩ ላይ ሲተኛ በመካከሉ የሚያልፈው ውኃ ይቆማል፤ በጠጠሩ ውስጥ የተቀበረ እንቁላል ታፍኖ ይሞታል። ባዕዱንም ነባሩንም አይለይም። ይህ ውኃ ከዌብ ጋር ሆኖ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ የሚያልፈው፣ ከገናሌ ጋር ተገናኝቶም ሶማሊያ የሚደርሰው ውኃ ነው።

እረኛው የ12 ዓመት ገደማ ልጅ ነው። ከብቶቹን ትቶ ተከተለን። ከሜዳው በላይ፣ ውኃው ዳግም በጠራበት ቦታ፣ ከአንድ ድንጋይ ጀርባ ባለች ገንዳ ውስጥ ዝንቧን ጣልኩ። የመጣውን አላየሁትም፤ ክሩ ብቻ ተወጠረ። ያወጣሁት ከስንዝር ጥቂት የሚበልጥ ቡናማ ትራውት ነበር። ሆዱ ቅቤ መስሏል፤ በጎኑ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች፣ በየነጠብጣቡ ዙሪያ ነጣ ያለ ቀለበት። ምናልባት ቅድመ አያቶቹ ጋሼ በወጣትነታቸው የረገጡት የስኮትላንድ ምድር ዓሦች ይሆናሉ። በመዳፌ ውኃ ውስጥ ይዤው ቆየሁና እጄን ከፈትኩ። ተወርውሮ ከድንጋዩ ሥር ገባ።

ልጁ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረ። መንገድ መሪዬ እየሳቀ «ልትለቀው ከሆነ ለምን ያዝከው ነው የሚልህ» አለኝ። ስለ ስኮትላንድ፣ ስለ በረዶውና ስለ ሣጥኑ ልነግረው ጀመርኩ፤ መንገድ መሪዬም ጥቂት ሲተረጉም ቆይቶ ሰለቸው። ልጁ ግን አልሰለቸውም። እስከ መጨረሻው አዳመጠና «የዚህ ወንዝ ነው» አለ፤ «እኔ ስወለድም ነበር።» ሁለተኛውን ስይዝ አልለቀቅኩም፤ ለእርሱ ሰጠሁት። በሣር ገመድ አፉን አንጠልጥሎ ወደ ከብቶቹ ሮጠ።

አዲስ አበባ ስመለስ ሣጥኗን ይዤ ከጋሼ ቤት ሄድኩ። ሰላምታቸውን ማድረሴን ነገርኳቸው። ስለ ከብቶቹና ስለ ደፈረሰው ውኃ ስነግራቸው ዝም አሉ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አጥልቀው ዝንቦቹን ቆጠሩ።

«ቀይዋ የለችም» አሉ። «ትራውት ወሰዳት?»

«አይ ጋሼ» አልኩ። «የአስታ ቁጥቋጦ ነው የወሰዳት።»